በገጹ ዳር የቆመች እናት

ዘመናት ሳይቆጠሩ የሚያውቃቸው፣ የተጻፈውንም ሳይጻፍ የቀረውንም በአንድነት የሚያነብ እግዚአብሔር፣ ለዚህ ነገር የመረጠው ቀን ሚያዝያ ሃያ ስምንት ነበረ፤ ዓመቱም ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት፣ ዘመነ ማርቆስ።

ጎሕ ሲቀድ ከዳንግላ የወጣች አንዲት ጋሪ የአዲስ ቅዳምን መንገድ ይዛ ወደ ቆሰበር ትገሰግስ ነበር። የሌሊቱ ካፊያ አቧራውን አስተኝቶታል፤ ዳማው ፈረስ አፍንጫው እየጤሰ ይሰግራል። በጋሪዋ ላይ ሁለት ሰዎችና ሁለት ወንጌሎች ተሳፍረዋል።

ከሰዎቹ አንዱ ቁም ጸሐፊው መሪጌታ ዓለምነው ነው፤ ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ብራና ላይ ማቀርቀር ትከሻውን ያጎበጠው፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በቀለም ጠቁረው የቀሩ ሰው። ሁለተኛው የጋሪዋ ባለቤት እንየው ነው፤ የጥርባ ተወላጅ ሲሆን በዳንግላ ገበያ ሰውና እህል ሲያመላልስ ይውላል። ከወንጌሎቹ አንዱ ያረጀ፣ ማኅደሩ በእጅ ብዛት የወዛ ነው። ሌላው ገና አዲስ፣ የእንጨት ገበታው ቆዳ ያልለበሰ ነው። ዓለምነው ሁለቱንም በጋቢው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟቸዋል።

«መሪጌታ፣ እንደ ሕፃን አቀፏቸው እኮ» አለ እንየው ልጓሙን ላላ እያደረገ። «ጋሪዬ ሰው ጥላ አታውቅም።»

«ጋሪህን አይደለም የፈራሁት።»

«ፈረሴን ነዋ።»

«ፈረስህንም አይደለም። የገዛ ጽሕፈቴን ነው።»

እንየው ነገሩ ቀልድ መሆኑን ለማየት ዘወር አለ። ቀልድ አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በዋዜማው፣ በሃያ ሰባት ቀን ነበር። በዳንግላ ዳር አዲስ የታነጸው የልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤቱ በግንቦት አንድ ቀን ሊከበር አራት ቀን ቀርቶታል። ለዚያ በዓል የሚሆነውን ወንጌል በብራና እንዲጽፍ የታዘዘው ዓለምነው ነው፤ ከጥርባ ደብር በተዋሰው ወንጌል ፊት ተቀምጦ ሁለት ዓመት ሙሉ ገልብጦታል። ይሁን እንጂ በአባቶች ሥርዓት አዲስ መጽሐፍ ሳይናበብ መቅደስ አይገባም። አንዱ ከአዲሱ እየጮኸ ያነባል፤ ሌላው ሌላ መጽሐፍ ይዞ በጣቱ እየተከተለ ያመሳክራል። ለዚህም ሲባል የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ክንዴ፣ ከጣና ደሴቶች ከአንዱ ገዳም ሁለት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው የሚባል ወንጌል በውሰት አስመጥተው ነበር።

ማቴዎስና ማርቆስ ያለ ነቀፋ አለፉ። በሃያ ሰባት ቀን ረፋድ ላይ ሉቃስን ያዙ። ዓለምነው አነበበ፤ አለቃ ክንዴ ተከተሉ፤ የደብሩ ካህናት በቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ተቀምጠው አዳመጡ። አባቱን ጥሎ ሩቅ አገር ስለ ሄደው ልጅ የሚናገረው ምሳሌ ላይ ደረሰ። አባትየው ገና ከሩቅ አይቶት ሮጦ አቀፈው፤ ከዚያም ዓለምነው ቀጠለና «ወእሙኒ ቆመት ኀበ ኆኅት» አለ። እናቱም በደጅ ቆመች ማለት ነው።

የአለቃ ክንዴ ጣት ቆመ።

«ድገመው።»

ደገመው።

«ይህ ከእኔ ዘንድ የለም።»

«ከተገለበጠበት መጽሐፍ አለ፣ አለቃ።»

«የማን እጅ ነው?»

«የየኔታ ደርበው፣ የጥርባው። በዘመነ ጠላት ደብሩ ሲቃጠል ዋናው ወንጌል አብሮ ተቃጠለ። ከእሳት ከተረፉት ጥቂት ገጾች በቀር የቀረውን ጫካ ተቀምጠው በቃላቸው ነው የጻፉት።»

«ያ ዓይነ ስውር?»

«ሲጽፉት ያዩ ነበር።»

«ዓይናቸው አይቶ ይሆናል። ልባቸው ግን ሌላ ቦታ ነበር» አሉ አለቃ ክንዴ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብዙ ያነበቡ፣ የሚናገሩትን የሚያውቁ ሊቅ ነበሩ። «ወንጌል ከጽርዕ፣ ከግሪክ ቋንቋ፣ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ዘመናት ቆይቶ አባቶቻችን ከዐረቢው ጋር አስተያዩት። ከዚያ ወዲህ በየገዳሙ ሰው በእጁ ሲገለብጠው አንዱ ጋ ይጎድላል፣ አንዱ ጋ ይተርፋል። ይህን አይቻለሁ፤ አልደነግጥበትም። በዚህ ምሳሌ ላይ እናት የገባችበት ወንጌል ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ፋቀው።»

«አልችልም።»

«ምን ማለትህ ነው?»

ዓለምነው የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ገለጠ። ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የሸጠ፣ ከቃሉም አንዲት የፋቀ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል፣ የኔታ ደርበው በስማቸው ያሰሩት ግዝት ነበረ። ዓለምነው ግዝቱንም አንድ ቃል ሳያጓድል ከነስማቸው ገልብጦታል።

አለቃ ክንዴ ገጹን አዩት፤ ጸሐፊውን አዩት። «በሌላ ሰው ግዝት በገዛ መጽሐፍህ ላይ ራስህን አሰርህ?»

«መገልበጥ እንጂ መምረጥ አላስተማሩኝም፣ አለቃ።»

ካህናቱ ሳቁ። አለቃ ክንዴ አልሳቁም።

«እንግዲህ ያሰሩት ይፍቱት። ሂድና አስፈታ። በሠላሳ ቀን ጧት ከዚህ ተገኝተህ ካልፋቅኸው ለቅዳሴ ቤቱ የጣናውን እንይዛለን፤ ያንተ ዕቃ ቤት ይገባል።»

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሁሉ ግልጥ ነበር። በመጀመሪያው ንባብ የተጣለ መጽሐፍ ተመልሶ አይወጣም፤ የጻፈውንም እጅ ከዚያ በኋላ ጻፍልኝ የሚለው ደብር የለም። የሁለት ዓመት ድካሙና የቀረው ዕድሜው በአንድ መስመር ላይ ተንጠለጠሉ።

ዓለምነው ግን ለአለቃ ያልነገራቸው ነገር ነበረው። ጽሕፈት ያስተማሩት የኔታ ደርበው በቃላቸው ሲጽፉ ዘልለውት ኋላ ያስታወሱትን ቃል ከገጹ ዳር በደቃቁ ይጽፉትና ትንሽ መስቀል ያደርጉበታል፤ ሊገባ በሚገባው ቦታ ላይም ሁለተኛ መስቀል ያቆማሉ። እንዲህ ያለ ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ነበር። ዓለምነው ዐሥራ ሁለቱንም በየስፍራቸው አግብቷቸዋል። እናትየው ያለችበት ቃል ዐሥራ ሦስተኛው ነው፤ እርሱም ዳር ነበረ። መስቀል ግን አልነበረበትም። ያን ጊዜ የመምህሩ ዓይን ደክሞ ምልክቱን የረሱት መስሎት መሐል አስገባው። ትናንት ማታ ያረጀውን መጽሐፍ ሲገልጥ ዳሩን ደጋግሞ አየው። ከመጽሐፉ አለ ማለቱ ሐሰት አይደለም። እውነትም አይደለም። የአለቃ ነቀፋ በመምህሩ ላይ ሲወርድ እርሱ ዝም ብሏል።

ለእንየው ይህን ሁሉ አልነገረውም። አንድ መስመር እንደ ተረፈ፣ ሊፋቅ እንደ ታዘዘ፣ የየኔታን ፈቃድ ሊለምን እንደሚሄድ ብቻ ነገረው።

«የቱ መስመር?» አለ እንየው።

«ስለ ጠፋው ልጅ በሚናገረው። እናቱም በደጅ ቆመች ይላል።»

ጋሪዋ ቆመች። ፈረሱ ራሱ ግራ ተጋብቶ ጆሮውን አንቀሳቀሰ።

«እሱን ነው የሚፍቁት?»

«ከፈቀዱልኝ።»

እንየው ፈረሱን ነካ አደረገው፤ አዲስ ቅዳም እስኪደርሱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነዳ። ከገበያው ዳር ካለው ምንጭ ፈረሱን አጠጣ፤ ጀርባውን በገለባ አሸው፤ የጋሪዋን መንኮራኩር ዞሮ አየ። ሥራ ሲያጣ ወደ ዓለምነው መጣ።

«ያቺ እናቴ ነች» አለ።

«የትኛዋ?»

«በመጽሐፉ ያለችው። እርስዎ ከቡሬ ወገን ስለ ሆኑ፣ ወደ ጥርባ የመጡትም በኋላ ስለ ሆነ አያውቁም፤ የጥርባ ሰውም በእኔ ፊት አያወራውም። እኔ በዘመነ ጠላት ባንዳ ነበርሁ፣ መሪጌታ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ በቅሎ ጎታች አድርገው ወሰዱኝ እል ነበር። አልወሰዱኝም፤ ሄድሁ። ደብራችን ሲቃጠል በቅሎዎቹን ይዤ ከኮረብታው በታች ቆሜ ነበር። እናቴ ከነየኔታ ጋር ጫካ ውስጥ ናት። ጭሱን እኔም እሷም ከሁለት ወገን እናየዋለን።»

ዓለምነው በክንዱ የያዛቸውን ወንጌሎች ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ጠላት ሲወጣ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ሰው ሁሉ በሩን ዘጋብኝ፤ አልፈርድም። እናቴ ግን ከአጥራችን በር ላይ ቆማ ነበር። ጧት ትቆማለች፣ ማታ ትቆማለች ይሉኛል፤ ስንት ወር እንደ ቆመች እንጃ። ኋላ የኔታ ጠርተው አንተ ሳትመጣ እናትህ በወንጌል ዳር ቆማ ነበር አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር ግን እናቴ እዚያ አለች እያልሁ ነው የኖርሁት።» ደረቅ ሳቅ ሳቀ። «አሁን እኔው እየነዳሁ ልወስድዎት፣ እናቴን ሊፍቁልኝ?»

«ከዚህ ተመለስ፤ አልቀየምህም። በእግሬ እደርሳለሁ።»

«በዚያ ትከሻ? ሁለት ብራና ተሸክመው?» እንየው ራሱን ነቀነቀና ወደ ጋሪው ወጣ። «ይሳፈሩ። እናቴ በሕይወት አለች፤ የሷን ነገር እሷ ትናገራለች።»

ቆሰበርን አልፈው፣ ቀርከሃው ግራና ቀኝ እያፏጨ፣ የዘንገናን ሐይቅ የከበበው ጫካ ከሩቅ ሲጠቁር ፀሐይ ገና አላዘቀዘቀችም። ጥርባ የደረሱት ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም ነው። የኔታ ደርበው ከደብሩ አጥር ግቢ ካለችው ጎጇቸው ደጃፍ፣ መደብ ላይ ባርኖስ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከበታቻቸው እማሆይ ሽታዬ፣ የእንየው እናት፣ ቆባቸውን ደፍተው ጥጥ ይፈትላሉ። ከመነኮሱ ወዲህ በዚያው ግቢ አድረው የዓይነ ስውሩን መምህር ጉሮሮ የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። እንየው ፈረሱን ይዞ ከአጥሩ በር ቀረ። ዓለምነው ገብቶ የመምህሩን ጉልበት ሳመ።

«ይህ የቀለም ሽታ የዓለምነው ነው» አሉ የኔታ።

«ነኝ፣ የኔታ።»

«ደክሞሃል ወይስ አዝነሃል?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያስ ያዘንህበትን አስቀድም። ድካም ይጠብቃል።»

ዓለምነው ተናገረ። አለቃ ክንዴ ያሉትን፣ ግዝቱን፣ የተሰጠውን ቀን አንድ በአንድ ነገራቸው። የኔታ ሳያቋርጡት ሰሙ። ሲጨርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«መጽሐፌን አምጣው። ከቦታው ላይ ጣቴን አኑርልኝ።»

ያረጀውን ወንጌል ጭናቸው ላይ ከፈተላቸው፤ ጠቋሚ ጣታቸውን ይዞ ከቃሉ ላይ አኖረው። ጣቲቱ ወዲያና ወዲህ ሄደች። ብራና ከመጻፉ በፊት መስመር የሚሰመርበት ዳሩ በወስፌ ተወግቶ ነው፤ ዓይን የማያያቸው እነዚያ ቀዳዳዎች ለጣት ግልጥ ናቸው። የየኔታ ጣት ቀዳዳዎቹን አገኘች፤ አንድ ሁለት እያለች ቆጠረቻቸው፤ ከዚያም ተሻግራ ወደ ውጭ ወጣች።

«ይህ ከወስፌው ውጭ ነው፣ ዓለምነው። መስመር ያላሰመርሁበት ቦታ። መስቀል አለበት?»

«የለበትም፣ የኔታ።»

«ታዲያ ማን መሐል አስገባው?»

የእማሆይ ሽታዬ እንዝርት ቆመ። ዓለምነው መሬቱን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ዓይንዎ ደክሞ መስቀሉን የረሱት መስሎኝ።»

«ለአለቃህስ ይህን ነገርኸው?»

«ከመጽሐፉ አለ ነው ያልሁት። የእርስዎን ስም ጠራሁ። ሲነቅፉዎ ዝም አልሁ።»

የኔታ ደርበው መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ዓለምነው ለቁጣ የተዘጋጀውን ፊቱን የት እንደሚያደርገው አጣ።

«ሰዎች ሲጠይቁኝ ኖረዋል» አሉ ሳሉ ሲተዋቸው። «የኔታ፣ ይህን ያህል ዘመን መጽሐፉ ከእጅ እጅ ሲሻገር ማን ለወጠው ይሉኛል። መናፍቅ እንድላቸው ይፈልጋሉ። መናፍቅማ ይታወቃል፤ ይጠበቃል። መምህሩን አብዝቶ የሚወድ ደቀ መዝሙር ነው የማይጠበቀው። መምህሬ አይሳሳትም ይልና የመምህሩን የዳር ማስታወሻ ከጌታ ቃል ጋር ያስቀምጠዋል።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። አዳምጠኝ። ከአንተ በፊት ስንት ዓለምነው ያለፈ ይመስልሃል? ከጽርዕ ሲመለስ፣ ከዐረቢ ጋር ሲተያይ፣ በየበረሃው ረኃብ ዓይኑን እያጨለመው አንድ ሰው ሲገለብጥ። እንቅልፍ አለ፣ እርጅና አለ፣ ፍቅርም አለ፤ ሁሉም ያሳስታል። ቃሉ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ጥርባ ድረስ መጣልን። እንዴት መጣ? አንዱ ብቻውን ስላልያዘው ነው። ይኸኛው ይጽፋል፣ ያኛው ያናብባል፤ ይህ ደብር የሳተውን ያ ደብር ይዞታል። ክንዴ ባያናብብህ ኖሮ እኔ ሳላውቅ ወንጌላዊ ሆኜ ልቀር ነበር።»

«ግዝቱስ?»

«ያወገዝሁት የጌታን ቃል የሚፍቀውን ነው። የእኔን ቃል ለመፋቅ ማንንም ግዝት አይዘውም። ግን ልብህ እንዲያርፍ በተሰጠኝ የክህነት ሥልጣን ፈትቼሃለሁ። ሂድና ፋቅ።»

«እማዬስ አትጠየቅም?»

ድምፁ ከአጥሩ በር ነው የመጣው። እንየው ልጓሙን በእጁ እንደ ጠቀለለ ቆሟል። «ስለሷ ነው የተጻፈው። ሁላችሁም ተነጋግራችሁ ጨረሳችሁ፤ እሷን የጠየቃት የለም።»

«እውነቱን ነው» አሉ የኔታ። ፊታቸውን እንዝርቱ ወደ ቆመበት መለሱ። «እማሆይ፣ ያን ቀን ያነሽውን ጥያቄ ለዚህ ሰው ንገሪው።»

እማሆይ ሽታዬ በመጀመሪያ ልጃቸውን በአገውኛ አንድ ነገር አሉት። ከዚያ ዓለምነው እንዲሰማ ወደ አማርኛ መለሱት።

«ና ግባ ነው ያልሁት። ስንት ዓመትህ ነው ደጅ የምትቆመው?»

እንየው ፈረሱን ከግንዱ አስሮ ገባ፤ ከእናቱ እግር አጠገብ ተቀመጠ።

«ጫካ ሳለን የኔታ እየጻፉ ጮክ ብለው ያዜሙታል» አሉ እማሆይ። «ከዚያ ለእኛ በአገውኛ ይተረጉሙልናል። የዚያን ልጅ ነገር ሲተረጉሙ፣ ለመሆኑ እናት የለችውም ወይ አልኋቸው። ለምን እንዳልሁ ታውቃለህ። የኔታ ዝም አሉ።»

«ያን ያህል ዘመን ጉባኤ ዘርግቼ ሳስተምር» አሉ የኔታ፣ «በአንዲት ሴት ፊት መልስ ያጣሁት ያን ቀን ነው።»

«በማግሥቱ ጠሩኝና፣ ሽታዬ፣ ቆማለች፣ ጽፌልሻለሁ አሉኝ። እኔም እንግዲህ ከተጻፈ ልቁም ብዬ ቆምሁ። ጎረቤት ሲስቅብኝ ቆምሁ። ይህ መጣ።» የልጃቸውን ራስ ነካ አደረጉ። «የዚያን ጊዜ የምደገፍበት አጥቼ ነበር፤ የኔታ ምርኩዝ ሰጡኝ። አሁን ልጄ ከጎኔ ተቀምጧል። በልደታ ፊት፣ ጌታ ያልተናገረውን በጌታ አፍ አድርገው እንዲያነቡኝ ነው የምትፈልገው?»

«ሌላ የሚያነብሽ የለም ብዬ ነው» አለ እንየው።

«ኧረ ተው። ደግሞ ሃያ ዓመት ስፈትል ሳስብበት ኖሬ፣ ለምን እንዳልተጻፈች ገብቶኛል።»

«ለምን?» አሉ የኔታ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብለው።

«አባት ተቀይሞ፣ ሀብቱ ባክኖበት፣ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ሮጠ። ይህ ነው ሰው የሚገረምበት፤ ስለዚህ ተጻፈ። እናት ብትወጣ ማን ይገረማል?»

የኔታ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘጉት።

«ይህን ትርጓሜ ከየትኛው ጉባኤ ቤት አገኘሽው?» አሉ የኔታ።

«ከደጅ።»

የኔታ ደርበው እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ውስጥ ግን የታወረ ዓይናቸው እንባ ነበረበት። «ዓለምነው፣ ይህንንም ከዳር ጻፈው እልህ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እጅህን አላምነውም።»

እንየውም ሳቀ። በዚያ ቀን ከልቡ ሲስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። እናቱ በመጽሐፍ ተጽፋ እንድትቀርለት ለምኖ የመጣው ሰው፣ ያን ማታ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ገብስ ቆሎ ሲቆረጥም አመሸ፤ ስለ መስመሩ ደግሞ አላነሣም።

በሠላሳ ቀን ጧት ዓለምነው በልደታ ጥላ ሥር ቆሞ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ከፈተ። አለቃ ክንዴ ሳይጠይቁት፣ በካህናቱ ሁሉ ፊት ተናገረ።

«ከመጽሐፉ አለ ብዬ ነበር። ከመጽሐፉ ዳር ነው ያለው። ምልክት ሳይኖርበት መሐል ያስገባሁት እኔ ነኝ። የኔታ ደርበው ከጌታ ቃል ላይ የጨመሩት የለም።»

አለቃ ክንዴ ዳሩን አዩ፤ መስቀሉን ፈለጉ፤ አጡ። «ይህን በሃያ ሰባት ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር። ፈራሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ፈርቻለሁ፣ አለቃ።»

አለቃ ክንዴ ከዚህ በላይ አልጠየቁትም። ዓለምነው ስል ካራውን አወጣ። የቀለሙን ፊት ብቻ ለመንካት፣ ብራናውን እንዳይበሳው ትንፋሹን ይዞ፣ ፊደል በፊደል ፋቀው። ቦታውን በለስላሳ ድንጋይ አሸው። ባዶ የቀረውን አንድ መስመር ተኩል፣ የኋላ ሰው ቃል የጎደለ መስሎት እንዳይሞላው፣ በቀይና በጥቁር ነጥብ ሰንሰለት ዘጋው። ከዚያም እጁን ታጥቦ አንድ ነገር ለመነ።

«የሉቃስ መጨረሻና ዮሐንስ ይቀሩናል። በዓይኔ ላይ ያለኝ እምነት ስለ ጎደለ የጣናውን እኔ ልያዝ፤ አለቃ ከአዲሱ ያንብቡ።»

አለቃ ክንዴ ፈቀዱ። ድምፃቸው ያማረ ነበር፤ ብዙውን ክፍል ገጹን ሳያዩ በቃላቸው ይወጡታል። ዓለምነው ግን ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ቃል ከሥሩ እየነካ ተከተለ፤ በዕድሜው እንዲህ በዝግታ አንብቦ አያውቅም። ስለ ቸሩ እረኛ የሚናገረው ክፍል ላይ ሲደርሱ ስንደዶው ቆመ። የአለቃ ድምፅ ቀጠለ።

«ይቆዩ፣ አለቃ።»

«ደግሞ ምን አጠፋህ?»

«አሁንስ እኔ አይደለሁም። የሚያነቡት ከዚህ የለም።»

ካህናቱ ተነሥተው ከበቧቸው። በዚያ ክፍል፣ እኔ ቸር እረኛ ነኝ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይመጣል። የጥንቱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ጽፎ ብዕሩን ቀለም ሲነክር፣ ዓይኑ ሲመለስ ከሁለተኛው ላይ ዐርፏል። በመካከል ያለው ሁሉ፣ እረኛው ስለ በጎቹ ነፍሱን መስጠቱ፣ ቅጥረኛው ተኩላውን አይቶ መሸሹ፣ ቀርቷል። በአዲሱ መጽሐፍ ግን ሙሉ ነው። ወደ አረጀውም ተመለሱ፤ ሙሉ ነው፤ መሐል፣ ከመስመሩ ላይ፣ በየኔታ ደርበው እጅ።

አለቃ ክንዴ የጣናውን መጽሐፍ ተቀብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

«በልጅነቴ በዚያ ደሴት ሳለሁ በዚህ መጽሐፍ ነው የተማርሁት» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት እግዚአብሔር ያውቃል። ከእኔ በፊትም ሁለት መቶ ዓመት ሲነበብ ኖሯል። ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው፣ ዓይናችን የሌለውን እያየ ያልፍ ነበር።» ገጹን ቀስ ብለው ዘጉት። «ዓይነ ስውር ያልሁት ማንን ነበር?»

መጽሐፉን ለዓለምነው መለሱለት።

«መሪጌታ፣ የውሰት መጽሐፍ ላይ ገዳሙ ሳይፈቅድ አይጻፍም። የጎደለውን በቁራጭ ብራና ጻፍልኝ፤ ከደብዳቤ ጋር እልከዋለሁ። ከየት እንደ ተገኘም ግለጥ። ከጥርባው፣ ከየኔታ ደርበው ወንጌል በል። ስማቸውን ከነማዕረጋቸው።»

«እሺ፣ አለቃ።»

«አዲሱ መጽሐፍ ነገ መቅደስ ይገባል። ያንተን ስም ግን ከመጨረሻው ገጽ አላየሁትም።»

«አልጻፍሁትም። ጽፎ የሳተ ተብሎ እንዳይቀር ፈርቼ ነው።»

«ጻፈው» አሉ አለቃ ክንዴ። «ጽፎ የሳተ፣ ሲነግሩትም የታረመ። ከዚህ የተሻለ ጸሐፊ እኔም አላገኘሁም፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም ያገኙ አይመስለኝም።»

ዓለምነው ተቀመጠ። መቃ ብዕሩን አጠቀሰና ስሙን ጻፈ፤ ቀጥሎም ይህን መጽሐፍ የሚገለብጠውን ሰው ሁሉ ስሕተት ባየ ጊዜ እንዲያርመው፣ ለጸሐፊውም እንዲጸልይለት ለመነ። ቀለሙ እስኪደርቅ አለቃ ክንዴ ገጹን በገዛ ነጠላቸው ከነፋስ ከለሉለት። በማግሥቱ፣ በልደታ በዓል፣ እልልታው እስከ ዳንግላ ገበያ ሲሰማ፣ ያ ወንጌል በካህናት እጅ ሆኖ ወደ መቅደሱ ገባ።

ይህን ያነበባችሁና ሲነበብ የሰማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ። ከምሰሶው እስከ ጉልላቱ በሰላሙ ይክደነው። ልጆቻችሁ አባቶች ከጻፉት የሚማሩ፣ አባቶች የዘለሉትንም በትሕትና የሚሞሉ ይሁኑ። የሳተውን በፍቅር የሚያርም፣ ሲያርሙትም የማይቀየም ሰው ከማዕዳችሁ አይጥፋ። በእናንተ ዘመን የጎደለውን እርሱ በቸርነቱ ይሙላላችሁ፤ የተረፈውንም በምሕረቱ ይፋቅላችሁ። አሜን።